ከጽዋው ማግስት፦ አንድ ማኅበር ርኅራኄንና ትሕትናን በየዕለቱ እንዴት ይኖራል?

ጽዋ ማኅበር የሌለው አጥቢያ ማግኘት ይቸግራል። የሚካኤል በ12፣ የማርያም በ21፣ የመድኃኔ ዓለም በ27 ይጠጣል። ተረኛው ቤቱን አሰናድቶ ይጠብቃል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ድፎው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ አንዱ ማኅበርተኛ ታሞ ይተኛ፣ ሌላው ከሥራ ይባረር፣ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚቀመጡትም የሚታወሱት በዝክር ቀን ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ማኅበር ለዕለት ተዕለት ኑሮ ማዋል ለምትፈልጉ ነው። ሰንበቴ ይሁን ጽዋ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ብትሆኑ ይሠራል። የጻፍኩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ልማድ ይዤ ነው። የሌላ ቤተ እምነት ምእመናንም ለራሳቸው የሚሆነውን ቢወስዱ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ርኅራኄ ትሕትና ከሌለው ሰውን ያቆስላል። የተራበ ሰው ዳቦውን በልቶ አንገቱን ደፍቶ ከሄደ፣ ሆዱን ሞላን እንጂ ሰውየውን አላከበርነውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። የሚያስፈልገውን አገኘ ወይ? ስንሰጠውስ ዝቅ ያልነው እኛ ነን ወይስ እሱ?

1. አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ

ጥሩ ሐሳብ ሲመጣ ቶሎ የሚታሰበው አዲስ ስም፣ ማኅተም፣ ቲሸርትና ባነር ነው። ተዉት። ያላችሁ ማኅበር ይበቃል። ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ተራ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባላቱ አንዱ የሌላውን ቤት ያውቃሉ። ይህን በገንዘብ አትገዙትም።

በመጀመሪያ ሐሳቡን ለሙሴው ብቻውን ንገሩት። ቀጥሎ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለሰበካ ጉባኤው አሳውቁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሳያስፈቅዱ የተጀመረ በጎ ሥራ በማግስቱ ጭቅጭቅ ያመጣል። ከዚያ በጽዋው ቀን፣ ከጸሎት በኋላና ከማዕዱ በፊት፣ ለማኅበሩ አቅርቡት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «እስከሚቀጥለው ወር አንድ የታመመ ሰው እየተፈራረቅን እንጠይቅ?» በቃ። እሱ ሲሳካ ሌላው ይከተላል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻችን ከዕለት እርዳታው ችላ ተባሉ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው። ችግሩን በስብከት አላለፉትም። እናንተም ሦስት ሰው ምረጡ። አንዱ ገንዘቡን፣ አንዱ ጥየቃውን፣ አንዱ የደጁን ማዕድ ይያዝ። በየስድስት ወሩ ቀይሯቸው። ሀብታሙንና አንደበተ ርቱዑን ብቻ አትምረጡ። ችግርን ቀምሶ ያለፈ ሰው ከሦስቱ አንዱ ቢሆን፣ ለሌሎቻችን የማይታየን ነገር ይታየዋል።

2. ማን እንደጎደለበት እወቁ

ይህን ለማወቅ ጥናትና ቅጽ አያስፈልግም። የደብሩን ጥበቃ አነጋግሩት። በር ላይ ጧፍ የምትሸጠውን እናት ጠይቋት። የትኛዋ አሮጊት ሁለት ሰንበት እንደቀሩ፣ የትኛው ሽማግሌ ሌሊቱን ከአጥሩ ሥር እንደሚያድሩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ነፍስ አባታችሁን ግን «ማን ተቸግሯል?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። በንስሐ የሰሙት ታትሞ የሚቀር ነው። ይልቅ «የሚቸገር ሰው ሲመጣ፣ ፈቃዱ ከሆነ ወደኛ ላኩልን» በሏቸው።

ችግር ሁልጊዜ ቡትቶ ለብሶ አይመጣም። ሱፍ ለብሶ የሚያስቀድሰው አባወራ ከሥራ ከወጣ ግማሽ ዓመት ሆኖት ይሆናል። ጡረተኛዋ አስተማሪ የቤት ኪራይ ከፍላ ለመድኃኒት ላይተርፋት ይችላል። የአብነት ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን ውሏል፤ ብርድ ልብስ እንደሌለው ግን አይናገርም። ቅዳሴ የሚቀድሱላችሁ ዲያቆንም የትራንስፖርት ላይኖራቸው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የራሳችሁን የአባላት መዝገብ ግለጡ። ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለና ድምፁ የጠፋ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ «ተወን፣ ኮራብን» ይባላል። አፍሮ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ። ስለ መዋጮው አንድ ቃል አታንሱ። «ናፈቅከን» ማለት ይበቃል።

የምትይዙት ማስታወሻ አጭር ይሁን። ስም፣ ሰፈር፣ የሚያስፈልገው ነገር፣ ተረኛው ጠያቂ። የበሽታውን ዓይነት፣ የዕዳውን መጠን፣ የትዳሩን ጉዳይ አትጻፉ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይማ ፈጽሞ አታውጡት። የሰው ገመና በስልክ ከተላለፈ አይመለስም።

3. ገንዘቡን ከድግሱ ላይ አውጡት

ብዙ ማኅበር «አቅም የለንም» ይላል። አቅሙ ድግሱ ውስጥ ነው ያለው። አንዱ ተረኛ ሁለት ዓይነት ወጥ አቀረበ፤ ቀጣዩ ላለማነስ በግ አረደ፤ ሦስተኛው ተበደረ፤ አራተኛው ተራው ሳይደርስ ከማኅበሩ ወጣ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የወቀሰው በዚሁ ነገር ነው። አንዱ ጠግቦ ሌላው እየተራበ፣ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ አላቸው።

ስለዚህ ልክ አውጡ። ዳቦ፣ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ጠላ። ከዚያ በላይ ማንም አያቅርብ፤ ያለውም ቢሆን። የተረፈው ወደ ሣጥኑ ይግባ። 20 አባላት በወር 200 ብር ቢያዋጡ 4,000 ብር ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ግን የአንዲት እናትን የወር መድኃኒት፣ የአንድ ልጅን ደብተርና ጫማ ሊሸፍን ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለሥጋና ለቅቤ ሳይወጣ የቀረውም እዚህ ይጨመር። የጾም ትርፍ ለፋሲካ በሬ መግዣ ከዋለ፣ ነዳያኑ ከጾማችን ምን አገኙ?

አሰባሰቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እከሌ ይህን ያህል ሰጠ» ተብሎ አይነበብ። ሣጥኑ የተዘጋ ይሁን፤ የሰጠም ያልሰጠም አይታወቅ። ሁለት ሰዎች አብረው ይክፈቱ፣ ይቁጠሩ፣ ይፈርሙ። ለማኅበሩ ጠቅላላው ብቻ ይነገር። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስልክ ላይ አይቀመጥ፤ በሁለት ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይኑራችሁ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ወንድማችሁን ከሐሜት መጠበቅ ነው።

4. የታመመን መጠየቅ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አጠያየቁ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። የምትደውሉት ለሕመምተኛው ሳይሆን ለአስታማሚው ነው። «ምን እናምጣ?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ለይታችሁ ጠይቁ። «ማታ ማነው አብሯቸው የሚያድረው?» «መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አለ ወይስ ከውጭ ነው የሚገዛው?» «ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል?» እውነተኛው ጉድለት የሚወጣው በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

ሁለት ሰው ይሂድ። አሥራ ሁለት ሆኖ አልጋውን መክበብ ሕመምተኛውንም አጠገቡ የተኙትንም ያስጨንቃል። ሴት ከታመመች ቢቻል ሴቶች ይሂዱ። የመጠየቂያ ሰዓቱን አክብሩ። ስትገቡ አብረው በክፍሉ ለተኙት ሁሉ «እግዚአብሔር ይማራችሁ» በሉ። ጠያቂ የሌለው ሰው እዚያው ጎን አለና፣ ከያዛችሁት ሙዝና ብርቱካን ለእሱም ይድረሰው። ለሕመምተኛው ይስማማው እንደሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቁ። ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳ ይዞ መሄድ ጥየቃ አይሆንም።

ወንበር ካለ ተቀመጡ። ከላይ ወደታች እያዩ አታነጋግሩት። «ምሕረቱን ያውርድልዎ» በሉና ለእሱ ጊዜ ስጡት። ማውራት ከፈለገ ያወራል። ካልፈለገ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥየቃቸው የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እነዚህን ከአፋችሁ አታውጡ፦ «ውይ፣ እንዴት ከስተዋል!» «የጎረቤታችን ባል በዚሁ በሽታ ነው የሞተው።» «እስቲ የበደልከው ሰው ካለ አስብ።» እንዲህ ብለው የወጡ ሰዎች ጠየቅን ብለው ይሄዳሉ፤ ሕመምተኛው ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ማንም ማኅበርተኛ «ጠበል ከጀመርክ ክኒኑን ተወው» አይበል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው፣ በእንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ አስተምረዋል፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለዋል። ሕመምተኛው ጠበል ከፈለገ ክኒኑን ይዛችሁለት ሂዱ። ሰዓቱ ሲደርስ ውሃ አቀብሉት።

አሁን ደግሞ ወደ አስታማሚዋ እንምጣ። ነጠላዋን ተከናንባ አልጋው ሥር ካርቶን ላይ ታድራለች። ፔርሙዙን ይዛ ሻይ ፍለጋ ትወርዳለች፣ የመድኃኒት ወረቀት ይዛ ትሮጣለች፣ ማታ ደግሞ እህል ሳትቀምስ ትተኛለች። ማንም «አንቺስ?» አይላትም። ማኅበሩ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው አንድ ሌሊት በእሷ ቦታ ማደር ነው። ቤቷ ሄዳ ገላዋን ትታጠብ፣ ልጆቿን ትይ፣ ትተኛ። ከክፍለ ሀገር ለካንሰር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ የሚመጡ ቤተሰቦች ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ማደሪያ የላቸውም። ትርፍ ክፍል ያለው ማኅበርተኛ ካለ፣ ይህ የእሱ ድርሻ ነው።

ቤቱ ለተኛ ሰው የሚደረገው ይለያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካኑን መሙላት፣ አንሶላውን ማጠብ፣ መብራት መክፈል፣ ወረፋ መያዝ። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንሶላ የሚያጥብ ጥቂት ነው።

ሕመሙ ሲረዝም ሰው ይሳሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል፤ በሦስተኛው ወር በሩን የሚያንኳኳ የለም። የማኅበር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተራ አውጡ። በየሳምንቱ የማን ቀን እንደሆነ ይታወቅ። ተረኛው ካልቻለ ራሱ ሰው ይተካ እንጂ ቀኑ ባዶ አይለፍ።

5. የደጁን ማዕድ አስተካክሉ

በዝክር ቀን የተለመደው እንዲህ ነው። እንግዶቹ ቤት ውስጥ በሳህን ይበላሉ። የተረፈው እንጀራና ወጥ በፌስታል ተቋጥሮ ለነዳያን ይወጣል። ደጅ ላይ ግርግር ይነሳል፣ «ተሰለፉ! አትጋፉ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

ገልብጡት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ያለው፣ ትርፍራፊ ላክላቸው ማለቱ አይደለም። ነዳያኑ ይቅደሙ። እኛ ከእነሱ ጋር ወይም ከእነሱ በኋላ እንብላ።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል። የሰንበቴ ቤቱን አስፈቅዱ። ከሌለ ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡና አግዳሚ ወንበር ደርድሩ። ስንት ሰው እንደምትጠብቁ ከጥበቃው ጠይቁ፤ ለ40 ሰው ስታስቡ ለ50 አብስሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይሁን። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ለስለስ ያለ ፍትፍት ለብቻ ይዘጋጅ። ወጡ ትኩስ ይሁን። ለቤታችሁ እንግዳ የማታቀርቡትን እዚህ አታቅርቡ።

ሰው ሲመጣ አስቀምጡት እንጂ አታሰልፉት። ውሃና ሳሙና ይዛችሁ እጅ አስታጥቡ። አስታጣቢዎቹ የማኅበሩ ታላላቆች ይሁኑ። ሙሴው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጎንበስ ሲል ልጆች ያያሉ፤ ያ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። «አንቱ» በሉ። ስማቸውን ጠይቁና በሚቀጥለው ወር በስማቸው ጥሯቸው። «እማማ፣ ይጨመርልዎ?» ብሎ የጠየቀ ወጣት ራሱም ይቀየራል።

ከዚያ አብራችሁ ብሉ። ይህ ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ቆሞ ማስተናገድ ይቀላል፤ ቁጭ ብሎ ከአንድ ትሪ መቁረስ ግን ልብን ይፈትናል። ቢያንስ በየገበታው አንድ ማኅበርተኛ ይቀመጥ። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ለዚህ ነው። ማዕዱ ሲነሣ ካህን ከሌለ፣ ከተጋበዙት መካከል ታላቅ የሆኑትን «ይመርቁን» በሏቸው። እጃችሁን ዘርግታችሁ አሜን በሉ። በዚያች ሰዓት ሰጪዎቹ እሳቸው ናቸው።

ፎቶን በተመለከተ ውሳኔው አንድ ነው። አይነሣም። ገንዘብ ለላከ ሰው ማሳየት ካስፈለገ ድስቱን፣ የተደረደረውን እንጀራ፣ የግዢ ደረሰኙን አንሱ። የሰው ፊት ማስረጃ አይደለም። አንዲት እናት ዳቦ ስትቀበል የተነሣችው ምስል ነገ ልጇ በሚማርበት ትምህርት ቤት ስልክ ላይ ሊዞር ይችላል።

ልብስ ስትሰጡም እንዲሁ ነው። ይታጠብ፣ ይተኮስ፣ ቁልፉ ይተከል፣ ዚፑ ይታይ። የተቀደደው መወልወያ ይሁን። በልክ በልክ ደርድሩና ሰው ራሱ ይምረጥ። መምረጥ መቻል ትልቅ ክብር ነው።

በአዘቦት ቀን ደጅ ላይ ላገኛችሁት ሰው ሳንቲም አትወርውሩ። ጎንበስ ብላችሁ በእጁ አስይዙት፣ «እንዴት አደሩ?» በሉ። ካልያዛችሁም ፊታችሁን አታዙሩ። ዓይኑን አይታችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት።

ወደ ንግሥ ስትሄዱም መንገዱን እዩ። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ወሎ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ በረሃብ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ከተሳላሚው ሁሉ ጋር አልፈው መሄድ ይችሉ ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፍለው፣ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ የጀመረው በዚህ ነው። ስንቅ ስትቋጥሩ ለመንገድ ላይ ሰው የሚሆን ጨምሩ።

እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ወዳሉ ቦታዎች በማኅበር መሄድም ጥሩ ነው። አስቀድማችሁ ደውሉና የጎደለውን ጠይቁ። የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ከኬክ ይበልጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በዓል በዓል ጠያቂ ይበዛል፤ እናንተ ሰው በሌለበት ወር ሂዱ።

6. ከሠልስት በኋላ ድረሱ

ለቅሶ ላይ ማንም አያማንም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። የማኅበሩ ሥራ የሚጀምረው ድንኳኑ ሲነሣ ነው። ከሠልስት በኋላ በሳምንቱ፣ ከዚያም ከ40 በኋላ ሂዱ። ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ አስቡ። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? የጡረታ ወረቀቱን ማን ያስጨርሳል? ባሏ የሞተባት ሴት ቀበሌና ባንክ ለብቻዋ ስትንከራተት፣ አንድ ጉዳይ የሚያውቅ ማኅበርተኛ አብሯት ቢሄድ ሸክሟ ይቀላል።

ተዝካር ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ከትቷል። ፍትሐትና ጸሎት በሬ አይጠይቅም፤ ይህን ካህናቱ ራሳቸው በማኅበሩ ፊት እንዲያስረዱ ጠይቁ። ግን ድሃውን «አትደግስ» ማለት አይሠራም፤ ያፍራል። ልማዱን መቀየር ያለበት ያለው ሰው ነው። ባለጸጋው ማኅበርተኛ የአባቱን ተዝካር በዳቦና በንፍሮ ነዳያንን አብልቶ ቢያወጣ፣ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ነፃ ይወጣል። የባለጸጋ ትሕትና እንዲህ ነው የሚታየው።

አንድ የሚረሳ ለቅሶ አለ። የቤት ሠራተኛዋ እናቷ ገጠር ሞተውባት መርዶ ሲደርሳት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ታለቅሳለች። ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አልቅሱ። ለመንገዷ አዋጡላት። በአዘቦቱም ቢሆን፣ ሠራተኛዋ ሰንበትን አስቀድሳ እንድትመለስ ቤቷን የማታመቻች እመቤት መጀመሪያ ይህን ታስተካክል። ርኅራኄ ከራስ ወጥ ቤት ይጀምር።

7. የተጣላችሁ ታረቁ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ወንድምህ ያዘነብህ እንደሆነ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ታረቅ ይላል። ማኅበር ውስጥ ጠብ አይጠፋም። በመዋጮ ይነሣል፣ በተቀማመጥ ይነሣል፣ በልጆች ይነሣል።

ቀድሞ የሚሄደው በዕድሜም በሹመትም ታላቅ የሆነው ነው። የበደለ ስለሆነ አይደለም። ታላቅ ስለሆነ ነው። ቤቱ ሄዳችሁ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» በሉ። ከዚያ በኋላ «ግን» አይከተል። ካልሆነ ሁለት ሽማግሌና ነፍስ አባት ጨምሩ። የገንዘብ ጉዳይ ካለ በወረቀት ለብቻው ይቋጭ፤ በይቅርታ ስም አይሸፈን። ማኅበሩ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለውን የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ለእርቅ ቢለየው፣ ሁዳዴን ቂም ሳይዝ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታም አለ። ተደብድባ የመጣችን ሴት «ትዳርሽን ታገሺ» ብላችሁ ወደ ደብዳቢዋ አትመልሱ። መጀመሪያ ደኅንነቷ ይጠበቅ፤ መጠለያ፣ ሕክምና፣ ሕግ። ታጋሽ ሁኚ የሚለው ቃል ሰው ገድሏል።

8. ዝቅ ያለው ሥራ ለሁሉም ይድረስ

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ፣ በወይራና በወይን ቅጠል ያብሳሉ። ጉልባን በልተን እንመለሳለን። ማኅበሩ ይህን ሥርዓት ዓመቱን ሙሉ ይኑረው። ሳህን ማጠብ፣ ሽንት ቤቱን ማጽዳት፣ ወንበር መሸከም በተራ ይሁን። ዶክተሩም፣ ነጋዴውም፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርም ተራ ይኑራቸው። በተለይ ወንዶች እናስብበት። በብዙ ማኅበር ሴቶች ሌሊቱን ሲጋግሩ አድረው፣ ቅዳሴው አምልጧቸው፣ ማዕዱ ላይ ደግሞ መጨረሻ ይቀመጣሉ።

9. ከአገር ውጭ ከሆናችሁ

በዋሽንግተን አካባቢም፣ በአውሮፓም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ማኅበር አለ። ችግሩ ግን መልኩን ይቀይራል። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ አሜሪካ የመጡ እናት ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ የጎደላቸው የሚያወሩት ሰው ነው። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን ይዞ ቅዳሴ ያድርሳቸው። አዲስ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ደግሞ ደብዳቤ የሚያነብለት፣ ቀጠሮ ላይ የሚያስተረጉምለት ይፈልጋል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ዕረፍቷ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያንንም ላታገኝ ትችላለች። ስትመጣ ሥራ አታሸክሟት፤ ትቀመጥ፣ ትብላ፣ ወደ ቤተሰቧ ትደውል። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ኢትዮጵያዊት ሠራተኞችን ከቆንስላው ደጅ ላይ አውርደው ሲጥሏቸው ዓለም አይቷል። በእንዲህ ያለ ቀን የማኅበር ስልክ ቁጥር በቃሏ የያዘች እህት የምትደውልለት ሰው አላት።

10. ሲከብድ

ውሸት የሚነግራችሁ ሰው ይመጣል። አትደንግጡ፣ ምርመራም አታድርጉ። ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት መድኃኒቱን ራሳችሁ ግዙ፣ ኪራዩን ለአከራዩ ክፈሉ። መጠጥ ያሸነፈውን ሰው አብሉት፣ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ብር ግን በእጁ አትስጡት። ልጆችን የምትረዱ ከሆነ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች አብረው ይሁኑ፤ ማንም ሕፃን ብቻውን ከአንድ ማኅበርተኛ ጋር አይተው። ምስጋና የማይናገርም አለ። ምስጋና እንዲጠየቅ የሚያደርግ ስጦታ ብድር ነውና ዝም በሉት። የደከመው ማኅበርተኛ ደግሞ ሁለት ወር ይረፍ፤ አይታማ።

የመጨረሻው እርምጃ መቀበል ነው። ሁልጊዜ ሰጥቶ አንድም ቀን «ቸግሮኛል» ብሎ የማያውቅ ሰው ማኅበር ውስጥ ካለ፣ እሱንም ጠይቁት። የእናንተ ተራ ሲደርስም ችግራችሁን ለጥየቃው ኃላፊ በግልጽ ንገሩት። የረዳችኋቸውም ሰዎች ተራ ይኑራቸው። ደጅ ላይ የሚበሉት እማማ ስንዴ መልቀም ይችላሉ፣ ቡና ማፍላት ይችላሉ፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ ይችላሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን በአባላት መዝገብ ጻፉ። መዋጮ ባይከፍሉም ጽዋው ይድረሳቸው። ቤት ከሌላቸው የሰንበቴ ቤቱ ቤታቸው ይሁን፤ ማኅበርተኛው አብሯቸው ይደግስ፤ በዚያ ቀን እንግዳ የሚቀበሉትና ማዕዱን የሚያስጀምሩት እሳቸው ይሁኑ።